ስምንት መቶ

ቡሬ ፍርድ ቤት ግቢ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣
ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ጥላ ስንጋር፣
ችሎት አስከባሪው ብቅ አለና ከበር
«ስማቸው!» ብሎ ጮኸ።
ስሜ ነው፤ ግን ያን ቀን አልመሰለኝም ስም፣
ትእዛዝ ነው የሰማሁት፦
ስማቸው፤ አድምጣቸው፤ ዛሬስ አታመልጥም።

ሰማኋቸው።
ፈንታዬ ቆማለች ነጠላዋን አጣፍታ፣
አልሰደበችኝም፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ረግታ፦
«ሆዴ ሲገፋ አይቶ መተማ ወረደ፣
ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ፤ ስድስት ክረምት ሄደ።»
ባለሱቁ ምሎ፣ ደብተሩን ገልጦ ቆመ፦
«አብረው ነው የኖሩት፤ ሳሙናም፣ ጨውም፣ ላምባም
በእሱ ስም ነው ዱቤው፤ እስከ ዛሬ አልተከፈለም።»
አባትነቴ እንዲህ ከዱቤ ዝርዝር ወጣ፣
ከአርባ ብር ላምባ በታች፣ ካልከፈልኩት ጣጣ።

አልካድኩም። ምን ልካድ?
ዳኛዋ ጽፋ ጽፋ መነጽሯን አነሣች፣
«በወር ስምንት መቶ ቀለብ ቆርጠናል» አለች።
ይህ ቋንቋችን ደግሞ፣ ሲሻው አይጨበጥ፣
ሲሰጥም መቁረጥ ነው፣ ሲከለክልም መቁረጥ።
ቀለበት ሳላስር ቀለብ አሰረኝ፤
«ልጄን ማየትስ?» ስል እንዲህ መለሰችልኝ፦
«ይህ መዝገብ ለመክፈል፤ ለማየት ሌላ ነው፣
ቴምብሩም የራሱ፣ ቀጠሮውም የራሱ ነው።»

በርበሬ እጭናለሁ ከመናኸሪያው ጀርባ፤
አሥር ብር ለአንዱ ጆንያ፣ መኪና ላይ ሲገባ።
ስምንት መቶ ማለት ሰማንያ ጆንያ ነው።
ስልሳው ላይ ጉልበቴ፣ ሰባው ላይ ወገቤ ይጮኻል፤
ሰማንያኛዋን ግን፣ እንጃ፣
እንቅልፍ እንደጣላት ልጅ በቀስታ አስተኛታለሁ።

አንድ ማክሰኞ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ተጠግቼ
ስም ሲጠራ ሰማሁ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ቆሜ፣ ሰግቼ፦
«አስረበብ አንማው!»
«አቤት!»
አንማው አያቷ ነው፣ የፈንታዬ አባት።
በእኔ ስም ወንበር ላይ ሽማግሌው ተቀምጧል፤
በጉን ሸጦ ነው ቦርሳ የገዛላት፣ ምን ይባላል?
ይቀመጥ።

በሁለተኛው መዝገብ፣ በአምስተኛው ቀጠሮ
ተፈቀደ፦ እሑድ እሑድ፣ ለሁለት ሰዓት፣ በእናትየው ጓሮ።
ቅዳሜ ማታ እጄን በዘይት አሸሁት፣ በአመድ፣ በኦሞ።
የበርበሬ እጅ ነው፤
የዓመታት ቃጠሎ በአንድ ሌሊት አይለቅም፤
ጉንጯን የነካሁ እንደሁ ዓይኗ እንዳይነድ ብዬ
ጎህ እስኪቀድ ታጠብኩ።

ወጣች። ሰባት ዓመቷ። አንድ ጫማዋን ተጫምታ፣ አንዱን ይዛ።
ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፣ እንደሚገዙት በግ፦
«ስምንት መቶ ማለት አንተ ነህ?»
ፈንታዬ ከጓዳ «አንቺ ልጅ!» አለች፣ ደንግጣ።
«አዎ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?
በዚያ ስም ነው በዚህ ቤት በየወሩ የተነሣሁት፦
ስምንት መቶው መጣ፤ ስምንት መቶው ዘገየ።

ወሬ አላወቅሁበትም። ስለ ደብተሯ ጠየቅኳት፤
እሷ ስለ ዶሮዋ ነገረችኝ።
ዶሮዋ ታማለች፤ አንድ ዓይኗ አይገለጥም።
ሁለት ሰዓት እንዲህ ረጅም ነው እንዴ?
ሁለት ሰዓት እንዲህ አጭር ነው እንዴ?
ልሄድ ስል፣ ጎንበስ ብዬ የጫማዋን ማሰሪያ ስቋጥር፣
ያላጠብኩት ሸሚዜ ነበር፤ ከስፌቱ
የሳምንቱ በርበሬ ብን ብሎ ተነሣ።
አስነጠሳት።

«ይማርሽ» አልኳት፤ ሳላስበው፣ እንደ ማንም መንገደኛ።
እሷም ሳታስበው፣ ቋጠሮውን እያየች፣
አያቷ እንዳስለመዳት፣
«ያኑርህ» አለችኝ።